ያቺ ዶሮ የማን ነበረች?

መነሻችን ትልቅ ነገር አይደለም፤ ዶሮ ናት። የፍልስፍና ጽሑፍ በዶሮ ሲጀመር ፈገግ የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም ነገሩ በራሳችን እስኪደርስ ድረስ ፈገግ ከሚሉት ወገን ነበርን። ነገር ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ሁልጊዜ ካባ ለብሶ አይመጣም። አንዳንዴ በሳህን ይቀርብና «ብሉ እንጂ፣ አፈር ስሆን!» ይባልበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ክፍል የምናድር አራት ተማሪዎች ነን፤ አንዱ ከጎጃም፣ አንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከወላይታ፣ አራተኛው የጌዴኦ ልጅ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ የአገሩ ልጅ «ዲላን አይታችሁ ጌዴኦን አየን እንዳትሉ!» ብሎ ወደ ቤተሰቡ ይዞን ወጣ። መንገዱ ከዲላ ወደ ቡሌ የሚወጣው ነው። ዲላ ሙቀት ናት፤ ቡናው፣ ማንጎው፣ አቮካዶው ከየጓሮው ይታያል። ሽቅብ በወጣን ቁጥር ቡናው እየሳሳ፣ እንሰቱ እየደረጀ፣ ብርዱ እየጠነከረ ሄደ። ከላይ ስንደርስ እንሰትና ገብስ፣ ጎመንና ቀርከሃ ብቻ ቀረ። የአዲስ አበባው ልጅ ጃኬት አለመያዙን ያወቀው እዚያ ነው።

ቤቱ ሙሉ ነበር። እኛ አለን፤ ከወናጎ የመጡ አክስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር አሉ፤ አባት፣ እናትና አያት አሉ፤ ስምንት ዓመት ገደማ የሆናት የጓደኛችን ታናሽ እኅት አለች፤ ምድጃ ዳር ተጠቅልላ ማንንም ከቁም ነገር የማትቆጥር ድመትም አለች። የአክስትየው ልጆች ድመቷን በጅራቷ ሊጎትቱ ሲሞክሩ ትንሿ ልጅ ትከላከልላታለች። አያትየው በር ላይ ተቀምጠው ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ፤ ስንጥሩን በቢላዋ እያለሰለሱ ቅርጫት ይሠራሉ። ልጅቷ ከአጠገባቸው አትጠፋም። ስንጥር ታቀብላለች፤ እሳቸው ሲደክማቸው ደግሞ የጀመሩትን ትቀጥላለች። እጇ ገና ትንሽ ነው፤ አሠራሯ ግን የልጅ አይመስልም።

ሲመሽ ዶሮ ወጥ ከትኩስ ቆጮ ጋር ቀረበ። በላን፤ አመሰገንን፤ ተለመንንና ደገምን። ልጅቷ ወደ ገበታው አልቀረበችም። እናቷ ሲጠሯት ከጓዳ ሆና በጌዴኦፋ አንድ ነገር ተናገረች። ቤቱ ለአፍታ ጸጥ አለ። አባትየው ሳቅ ብለው ወደ እኛ ዞሩና «የልጅ ነገር! ብሉ፣ ብሉ» አሉን በአማርኛ። ማታውን ሙሉ የተባለውን ሁሉ ሲተረጉምልን ያመሸው ጓደኛችን ያችን አንዲት ንግግር ሳይተረጉማት አለፈ።

በማግስቱ ስንነሳ እናትየው ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ በአንዲት ትንሽ የቀርከሃ ቅርጫት አድርገው ለመንገድ ሰጡን። መኪናው ዲላ ሊደርስ ሲል፣ ቅርጫቷን ጭኑ ላይ ያስቀመጠው የወላይታው ልጅ «ለመሆኑ እኅትህ ማታ ምን ነበር ያለችው?» ብሎ ጠየቀ። ጓደኛችን በመስኮት ወደ ውጭ እያየ መለሰ፦ «“የኔ ናት ብላችሁኝ ነበር” ነው ያለችው።»

የቀረውን ቀስ በቀስ አወጣነው። ባለፈው ዓመት ቤታቸው የነበረች ዶሮ ጫጩቶች ፈልፍላ ኖሮ ጭልፊት ለቀማቸው፤ አንዲት ገብስማ ጫጩት ብቻ ተረፈች። ልጅቷ በቀሚሷ አቅፋ አሞቀቻት። ያን ጊዜ አባትየው «ያንቺ ናት፤ ስታድግ ከእንቁላሏ ደብተር ትገዢባታለሽ» አሏት። እሷም ጥሬ ለቅማ አበላቻት። ሌሊት ሽለምጥማጥ እንዳይወስድባት ከአያቷ ጋር ቀርከሃ ሰንጥቃ ቅርጫት ሠራች፤ በየማታው ትደፋባታለች። ጫጩቷ አድጋ ቄብ ሆነች፤ መጣል ጀመረች። ከዚያ እኛ መጣን። ቤቱ ውስጥ ሌላ ዶሮ አልነበረም። ቆጮ ይዘንባት የመጣነው ቅርጫትም ያችው ነበረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍላችን ውስጥ ክርክር ሆነ። ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ ለልጅ የሚሰጥ ቃል ቃል ነው ወይስ አይደለም?

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮች እንዳይምታቱ መለየት ነበረብን። የአዲስ አበባው ልጅ «እንዴ! እኛስ በየፋሲካው አላለቀስንም?» አለ። እውነቱን ነው። በግ ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀድሞ ይገዛል፤ ግቢ ውስጥ ይታሰራል፤ ልጆች ሣር ያበሉታል፣ ስም ያወጡለታል፤ በበዓሉ ዋዜማ ያለቅሳሉ። ነገር ግን ያ በግ የነሱ ነው ያለ ማንም አልነበረም። ለምን እንደተገዛ ከመጀመሪያው ሁሉም ያውቃል። እዚያ ኀዘን አለ፤ በደል ግን የለም። የቡሌዋ ልጅ ግን «ዶሮዬን አትረዱ» አላለችም፤ «ብላችሁኝ ነበር» ነው ያለችው። ያነሳችው የቃሉን ነገር ነው። እኛም የምንከራከረው በዚሁ ላይ ነው።

«ልጅ ናት፤ ዛሬ አልቅሳ ነገ ትረሳለች» የሚለው የመጀመሪያው መከላከያ ነው። ካንት በ1785 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ እንደማይከፍል እያወቀ «እከፍላለሁ» ብሎ የሚበደር ሰው ምሳሌ ያመጣል። ሁሉም እንዲህ ቢያደርግ ማንም ማንንም አያምንም፤ ቃል መስጠት የሚባለው ነገር ራሱ ይጠፋል ይላል። የኛን ጉዳይ ግን በዚህ ብቻ መዳኘት አይቻልም፤ አባባ አልዋሹማ! «ያንቺ ናት» ሲሉ ከልባቸው ነበር። ይሁን እንጂ ያ ቃል እንግዳ ሲመጣ የሚነሳ፣ ሁለተኛ ደረጃ ቃል መሰላቸው። እስቲ ዶሮዋን ለጎረቤት ሰጥተው ቢሆን ኖሮስ? እንግዳ መጣ ብለው ከጎረቤት ቅርጫት ሥር አውጥተው ያርዱ ነበር? አያደርጉትም። ይሉኝታው አለ፤ ጎረቤትም ዝም አይልም። በጌዴኦ ሽማግሌዎች ሶንጎ ተቀምጠው የሁለት ወገን ነገር ይሰማሉ። በዚህ ነገር ግን ከሳሿ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ተከሳሹ አባቷ፣ ምስክሮቹ እኛ ነን፤ ኤግዚቢቱ ደግሞ በሆዳችን ውስጥ ነው። ማን ይከሳል? እንግዲህ ቃላችንን የምንጠብቀው ሊከሰን ለሚችል ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያ ፍርሃት እንጂ ሥነ ምግባር አይደለም። ቃል የሚፈተነው ሊያስከብረው አቅም ለሌለው ሰው ሲሰጥ ነው። ልጅ ስትረሳ ደግሞ ዶሮዋን ትረሳ ይሆናል፤ «ያንቺ ነው» ሲሏት አለማመንን ግን ተምራበታለች።

ሁለተኛውን መከላከያ ያመጣው ራሱ ጓደኛችን ነው። «ቤተሰብ ውስጥ የኔ ያንተ የለም፤ ሁሉም የጋራ ነው» አለ። እኛ ተማሪዎች «የጋራ» የሚለው ቃል ደስ ይለናል። ግን እንመርምረው። የአባባ ሬዲዮ የጋራ ነው? ጓደኛችን ሳቀ፤ እሳቸው ሳይፈቅዱ የሚነካው የለም። ስለዚህ ሁሉም ነገር የጋራ የሚሆነው ከትንሹ ሰው እጅ ሲወሰድ ነው ማለት ነው። ሌላም ነገር አለ። ጌዴኦ ውስጥ መሬት ጠባብ ነው። በ1999 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ ከ1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ዞን 847,434 ሰው ተቆጥሯል። በእንዲህ ያለ አገር ለልጅ «ይህ ያንቺ ነው» ብሎ ማሳ ማሳየት ለብዙ አባት ከባድ ነው። ያቺ ገብስማ ዶሮ ለልጅቷ መሬቷም፣ ከብቷም፣ የደብተር መግዣዋም ነበረች።

ሩሶ በ1762 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው «ኤሚል» በተባለ መጽሐፉ ልጅን ስለ ንብረት የሚያስተምረው በባቄላ ነው። ልጁ ባቄላ ይዘራል፤ በየቀኑ ውኃ ያጠጣል፤ አስተማሪው «ይህ ያንተ ነው» ይለዋል። አንድ ቀን ባቄላው ተነቅሎ ይቆየዋል፤ ልጁ ያለቅሳል። ሲጠየቅ የነቀለው አትክልተኛው ነው፤ ለካ እሱ ቀድሞ በዚያው መሬት ላይ ሜሎን የተባለ ፍሬ ዘርቶ ኖሯል። ልጁ ከዚህ ሁለት ነገር ይማራል፦ የደከምክበት ያንተ እንደሆነ፣ ከአንተ በፊት የደከመበትም እንዳለ። ሩሶ ራሱ አምስት ልጆቹን ለሕፃናት ማሳደጊያ የሰጠ ሰው መሆኑን አልዘነጋንም፤ የተዋስነው ምሳሌውን እንጂ ኑሮውን አይደለም። በኛ ታሪክ ግን አትክልተኛውና አስተማሪው አንድ ሰው ናቸው። «ያንቺ ነው» ያሉትም የነቀሉትም እሳቸው ናቸው። ልጅቷ ከዚህ ምን ትማር? ድካሟ ምንም እንዳልሆነ ካልሆነ በቀር የሚታይ ትምህርት የለም።

«ቢያንስ እንግዳ ማክበርን ትማራለች» የሚለው ሦስተኛው መከላከያ ከሁሉም የጠነከረ ነው። እንግዳ ማክበር ትልቅ ነገር ነው፤ እኛም የበላነው በዚያ ክብር ነው። ነገር ግን ሰው ቸርነትን የሚማረው ሲሰጥ ነው፤ ሲወሰድበት የሚማረው መደበቅን ነው። እዚህ ላይ እስከዚያ ዝም ብሎ የነበረው የጎጃሙ ልጅ ተናገረ። በልጅነቱ «ያንተ ናት» የተባለች ጊደር ነበረችው። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ለቤት ኪራይና ለመጻሕፍት ገንዘብ ጠፋ። አባቱ ማታ ጠርተው «ልጄ፣ ጊደርህን እንሽጣት ወይስ ዘንድሮን ቤት ትቆያለህ? ያንተ ናት፣ አንተ ተናገር» አሉት። አለቀሰ፤ ከዚያ «እንሽጣት» አለ። በማግስቱ ገመዱን ይዞ ወደ ገበያ የነዳት ራሱ ነው። «እስከ ዛሬ ስትታወሰኝ አዝናለሁ፤ ተበደልሁ ብዬ ግን አላውቅም» አለን።

ክርክራችን የተቋጨው እዚህ ላይ ይመስለናል። ጊደሯም ሄደች፣ ዶሮዋም ሄደች፤ ድህነቱም እንግዳ የማክበሩ ግዴታም በሁለቱም ቤት እውነት ነበር። ልዩነቱ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ምን ትላለህ?» ይህ የፈረንጅ ቅንጦት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ12ኛው አንቀጹ ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ ይሰማ ይላል፤ ኢትዮጵያም በ1983 ዓ.ም ተቀብላዋለች። የጎጃሙ ገበሬ ግን ስምምነቱን ሳያነቡ ፈጽመውታል።

አባባን ለመክሰስ የተነሳን የሚመስለው አንባቢ ካለ ተሳስቷል። የጌዴኦ ሰው ለነገው ሰው ማሰብን ከማንም አይማርም። እንሰት ዓመታት ታግሦ የሚበላ ተክል ነው፤ ትልቁን ዛፍ የተከለ ሰው ጥላውን የሚተወው ለልጆቹ ነው። ታደሰ ኪጴ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ስለ ጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም የጻፉት መጽሐፍ ርዕስ የአምስት ሺህ ዓመት ቀጣይነትን ይጠይቃል፤ ዩኔስኮም የጌዴኦን መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እንግዲህ ለእንሰት ይህን ያህል መታገሥ የሚችል ቤት ለአንዲት ልጅ ቃልም መታገሥ ይችላል ብንል አልተዳፈርንም። ጥፋቱስ ከኛ የለበትም? ባዶ እጃችንን ሄድን። አንዲት ልጅ ከገበታ ስትቀር አየን፤ ዝምታውንም ሰማን፤ «ምን ሆና ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ወጡ ይጣፍጥ ነበራ!

አሁን የቀረው የቅርጫቷ ነገር ነው። ከአልጋችን ሥር ተቀምጣለች። ገንዘብ አዋጥተን ከዲላ ገበያ ቄብ ገዝተን እንላክላት ተባባልን። ጓደኛችን ራሱን ነቀነቀ። «ዶሮዋን ስሰጣት ምን ልበላት? ያንቺ ናት? እሱንማ ሰምታዋለች።» ዝም አልን። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ዶሮዋም ትሄዳለች፣ ቅርጫቷም ትመለሳለች፤ ከሁለቱ በፊት ግን ጓደኛችን አባቱን ለብቻ ያነጋግራል፤ ሌላ ጊዜ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ እሷ ትጠየቅ።

«እንቢ ካለችስ?» አለው የአዲስ አበባው ልጅ።

«እንቢ ካለች እንግዳው ቆጮ በጎመን ይበላል።»

እኛ እንበላው ነበር። ጠግበንም እናድር ነበር።