ጥበብ በመማሪያ ክፍል



ሕፃናት በመማሪያ ክፍል ድሩን ወጥረው ማጉን ማሳለፍ ሲለማመዱ፣ በመካከላቸው ያለው የሸማኔ ልጅ የአባቱን ሙያ ለመናገር የሚያፍር ከሆነ ትምህርታችን ጎዶሎ ነው። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ ቢከለክሉም፣ እኛ ጥለቱን «ጥበብ» ብለን እያወደስን ሸማኔውን መናቅ አልተውንም። ቅዱስ መጽሐፍ ግን እግዚአብሔር በባስልኤልና በኤልያብ ልብ የሽመናን ጥበብ ብቻ ሳይሆን ሌላውን የማስተማር ጸጋንም እንዳሳደረ ይመሰክራል (ዘጸ. 35፥34-35)። ስለዚህ ሸማኔውን አባት ወደ ክፍሉ እንጋብዘው፤ በልጁም ፊት መምህር ብለን እንጥራው። ያን ጊዜ ሕፃናቱ ሸማ መሥራትን ብቻ ሳይሆን ሰውን ማክበርንም ይማራሉ።

እግዚአብሔር የእጃችንን ሥራ ይባርክልን፤ አሜን።