ወራሽ ያጣ ትራፊ

ሙስሊም በማያውቀው አገር ለምግብ ሲቀርብ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ የታወቀ ነው። «ሥጋው ሀላል ነውን?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወደ ሆዱ የሚያስገባውን የማይመረምር ሰው ከአፉ የሚወጣውንም ለመመርመር አይተጋም። ዛሬ ግን እኔ ራሴ ሳልጠይቀው የቀረሁትን ሌላ ጥያቄ ከእናንተ ጋር ላነሣ እወዳለሁ። ይህኛው ወደ ገበታው የሚገባውን ሳይሆን ከገበታው የሚወጣውን ይመለከታል። በልተን ጠግበን ስንነሣ የተረፈው የማን ነው?

ጥያቄውን የቀሰቀሰብኝ ከሁለት ዓመት በፊት በቻይና ዋና ከተማ በቤጂንግ የተጋበዝኩት እራት ነው። ከአጎቴ ጋር የእህል ማበጠሪያ ማሽን ለመግዛት ሄደን ነበር። ማሽኑን የሸጠልን ነጋዴ የሁዊ ተወላጅ ነው። ሁዊዎች ቻይንኛ የሚናገሩ ሙስሊሞች ሲሆኑ እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ቁጥራቸው ከ11 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ውሉን በፈረምንበት ዕለት መግሪብን ኒዩጂየ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ጥንታዊ መስጊድ ሰገድን። ከዚያም ሰውየው በመኪናው አሳፍሮ ወደ አንድ ታላቅ ምግብ ቤት ወሰደን።

በሩ ላይ «ቺንግዠን» የሚል ጽሑፍ ነበር። ቻይናውያን ሙስሊሞች ሀላል ለሆነ ምግብ የሚጠቀሙበት ቃል ነው። አንዱ ፊደል ንጹሕ፣ ሌላው እውነተኛ ማለት ነው። ይህን ሲተረጉሙልን አጎቴ «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ እኔም ልቤ ረጋ። ጥያቄዬ ተመለሰልኝ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ የምጠይቀው ያለ አልመሰለኝም።

የገባነው ለብቻ ወደ ተከለለ ክፍል ነው። ክብ ጠረጴዛው መካከል የሚሽከረከር መስተዋት አለበት። በአገሩ ልማድ የክብር መቀመጫው በሩን ፊት ለፊት የሚያየው ነውና አጎቴን እዚያ አስቀመጡት። የነጋዴው አባት፣ ሰማንያ ዓመት የተጠጋቸው ሽማግሌ፣ ከአጠገቡ ተቀመጡ። እንግሊዝኛ የምታውቀው የነጋዴው ልጅ አስተርጓሚያችን ሆነች። የማሽኑ ባለሙያ ሲጨመር ስድስት ሰዎች ነበርን።

ከሰል የተሞላ ጭስ ማውጫ ያለው የመዳብ ድስት መጣ። በዙሪያው ውኃ ይንተከተካል። የበግ ሥጋው ከመሳሳቱ የተነሣ በሥሩ የሳህኑ አበባ ይታያል። ሥጋውን በእንጨቶቹ ይዘው ውኃው ውስጥ ጥቂት ካንቀሳቀሱት በኋላ በሰሊጥ ድልህ እያጠቀሱ ይበሉታል። ይህ ብቻውን ለስድስታችን በበቃን ነበር። ነገር ግን ሙሉ ዓሣ መጣ፤ ራሱንም ወደ አጎቴ አዞሩት። የበሬ ምላስ መጣ፣ በጣፋጭ መረቅ የበሰለ በግ መጣ፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦ መጣ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው አትክልቶች ተከታተሉ። እኔ አሥራ አራት ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አንተ፣ ሌላ ሰው ይመጣል እንዴ?» አለኝ።

ልጅቱ ሹክሹክታችን ገብቷት ፈገግ አለች። «ሳህኑ ባዶ ከሆነ እንግዳው አልጠገበም ማለት ነው። አባቴ የሚያዝዘው እስኪተርፍ ድረስ ነው» አለችን።

በላን፣ ተጫወትን፣ ሻይ ጠጣን። ስንነሣ የምግቡ እኩሌታ እንዳለ ነበር። የዓሣው አንድ ጎን ጨርሶ አልተነካም። አስተናጋጇ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ልጅቱም «ይጠቅለልላችሁ ወይ ትላለች» ብላ ተረጎመችልን። ነጋዴው ወደ እኔ አየ። እኔም ከአጎቴ ቀድሜ፣ «አይ፣ በጣም እናመሰግናለን፣ አያስፈልግም» አልኩ። ለምን እንዲህ አልኩ? ልደብቃችሁ አልፈልግም። የታላቅ ነጋዴ እንግዳ ሆኜ ትራፊ በላስቲክ አንጠልጥሎ መውጣት አሳፈረኝ። «ከደሃ አገር የመጡት ትራፊ ይዘው ሄዱ» የሚል ድምፅ በልቤ ሰማሁ። ነጋዴውም በእጁ «ተይው» የሚል ምልክት ሰጣት።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ማንንም ሳያዩ አስተናጋጇን ካርቶን አስመጥተው በገዛ እጃቸው መሙላት ጀመሩ። መጀመሪያ ዓሣውን፣ ቀጥሎም ያልተነካውን ሥጋ አስገቡ። ልጃቸው ፊቱ ቀላ። እርሳቸው ግን ዳቦው ላይ የተነሰነሰው ሰሊጥ ጠረጴዛው ላይ ረግፎ ኖሮ በጣታቸው ጫፍ እየነኩ ወደ አፋቸው ከተቱት። ከዚያም ተናገሩ፤ የልጅ ልጃቸውም ዝቅ ባለ ድምፅ ተረጎመችልን። «እኔ የሄናን ልጅ ነኝ። በአሥራ አራት ዓመቴ የዛፍ ልጥ በልቻለሁ።»

እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1961 በቻይና በደረሰው ረሃብ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ አልቋል። ሄናን እጅግ ከተጎዱት ክፍለ ሀገሮች አንዷ ነበረች። ሽማግሌው የተናገሩት ይህንኑ ነበር።

አጎቴ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ልጅቱን፣ «ንገሪያቸው። እኛም የወሎ ልጆች ነን በያቸው» አላት። እንደዚያች ሰዓት ያፈርኩበትን ጊዜ አላስታውስም። በ1977 ዓ.ም. እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ከእርዳታ ስንዴ ከረጢት የፈሰሰውን ከአፈር ላይ አንድ በአንድ ስትለቅም አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። ያቺ ሴት ያሳደገችው ልጅ ነው በቤጂንግ ምግብ ቤት ተቀምጦ «አያስፈልግም» ያለው! ሽማግሌው አንዱን ካርቶን ለአጎቴ ዘረጉለት፤ እርሱም በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ጠዋት በሆቴላችን ቢስሚላህ ብለን በላነው።

ውድ አንባቢያን! ጋባዡን ከመኮነናችን በፊት እስቲ እንሟገትለት። እንግዳው ሳይጠግብ አፍሮ ዝም እንዳይል የሚፈራ ሰው ምን ያድርግ? የሚተርፈው ምግብ «ብላ፣ አትሳቀቅ፣ ገና አለ» የሚል ያልተነገረ ቃል ነው። ይህ በቻይና ብቻ አይደለም። የወሎ እናት እንጀራው ከሌማቱ ሳያልቅ ትጨምራለች፤ እንግዳው «በቃኝ» ሲላት «አፈር ስሆን» ትላለች። ረሃብን የሚያውቅ ሕዝብ እንግዳውን የሚያከብረው ረሃብን በሚያስረሳ ገበታ ነው። ስለዚህ ማትረፍ ከመልካም ሥር የበቀለ ልማድ ነው።

ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? በልጅነቴ በመንደራችን ሰደቃ ሲደረግ ያየሁትን ላስታውሳችሁ። ለደረሳው የሚሆነው ድርሻ ገና ገበታው ሳይቀርብ ተነሥቶ ይቀመጥ ነበር። እንግዶች በልተው ሲነሡ የሠሩት ሴቶችና ሕፃናት ይቀርባሉ። ከብት ጥበቃ ለዋለው እረኛ ተሸፍኖ ይቆይለታል። ታሞ ላልመጣው ጎረቤት በሳህን ይላክለታል። ደጅ ላይ የኔ ቢጤ ካለ ይሰጠዋል። አጥንቱንም ውሻው ይጠብቃል። በዚያ ገበታ ላይ ባለቤት የሌለው ቁራሽ አልነበረም። ትራፊ የምንለው ነገር ተራውን የሚጠብቅ የሌላ ሰው ምግብ ነበር።

ይኸው ልማድ ወደ ታላቁ ከተማ፣ ወደ ታላቁ ምግብ ቤት ሲገባ ግን ምን ሆነ? በሩ ላይ ጥበቃ አለ፤ የኔ ቢጤ አይደርስም። ጎረቤት የለም፣ እረኛ የለም፣ ደረሳ የለም። ሳህኑን የምታነሣው ሴት ለራሷ ብትወስድ ከሥራዋ ልትባረር ትችላለች። ስለዚህ ምግቡ ከጠረጴዛው ወደ ቆሻሻ መጣያው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ልማዱ ከመንደር ወደ ከተማ ሲዛወር ግማሹ በመንገድ ጠፍቷል። ማትረፉ ደረሰ፤ ማድረሱ ቀረ። እንግዳን ማክበር የነበረው ነገር ወራሽ ሲያጣ ኢስራፍ ሆነ፤ ኢስራፍ ደግሞ በሃይማኖታችን የተከለከለ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሥጋው በሀላል ታርዶ፣ በሀላል በስሎ፣ በሀላል ገንዘብ ተገዝቶ ሳለ መጨረሻው በዚህ ሊበላሽ ይችላል።

«ከፍለንበታል፤ ገንዘቡ የራሳችን ነው» የሚል ይኖራል። ሒሳብ መክፈል ምግቡን የመብላትና የማብላት መብት ይሰጣል። የገበሬውን ላብ፣ የእረኛውን ድካም፣ የበጉን ነፍስ ከንቱ የማድረግ መብት ግን በየትኛው ደረሰኝ ላይ ተጽፎ ያውቃል?

«በቤጂንግ የተረፈው ዓሣ በወሎ የተራበውን አያጠግብም» የሚልም ይኖራል። ይህ እውነት ነው፤ እኔም ራሴን ለማጽናናት ብዬዋለሁ። ነገር ግን እናቴ ያን ስንዴ ስትለቅም የዓለምን ረሃብ አስወግዳለሁ ብላ አልነበረም። የእጇ ፍሬ የሰው ሕይወት መሆኑን ታውቅ ስለነበር ነው። ይህን ማወቅ ከዓይናችን ከጠፋ የተራበውንም ሰው ማየት እንተዋለን። በሳህኑ ላይ ያለውን ያላየ ዓይን በደጁ ላይ ያለውን እንዴት ያያል?

ቻይናውያን ራሳቸው ይህን ጉዳይ ዝም ብለው አልተመለከቱትም። እ.ኤ.አ. በ2013 በቤጂንግ «ሳህናችሁን ባዶ አድርጉ» የሚል ዘመቻ ተጀመረ። በኤፕሪል 2021 ደግሞ የምግብ ብክነትን የሚከላከል ሕግ ወጣ። በሕጉ መሠረት ምግብ ቤቶች ብዙ አስተርፎ የሚሄደውን ደንበኛ የማስወገጃ ክፍያ ሊያስከፍሉት ይችላሉ። ደንበኛው ከሚበላው በላይ እንዲያዝ የሚገፋፋና ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት የማይታረም ምግብ ቤት እስከ 10,000 ዩዋን ይቀጣል። አስተናጋጇ «ይጠቅለል ወይ?» ብላ መጠየቋም ከዚሁ ጋር የሚስማማ ነው። ነገር ግን ሕጉ ኖሮ፣ አስተናጋጇ ጠይቃ፣ እኔ «አያስፈልግም» አልኩ። ሕግ ቅጣት እንጂ እፍረትን የሚያሸንፍ ልብ አይሰጥም።

ደግሞም ነገሩ የሀብታም ምግብ ቤት ጉዳይ ብቻ ነው ብለን እንዳንገላገል! የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። ከዚህ ውስጥ ምግብ ቤቶችና መሰሎቻቸው ያባከኑት 28 በመቶ ሲሆን 60 በመቶው የባከነው በመኖሪያ ቤቶች ነው። ጣታችንን ወደ ቤጂንግ ከመቀሰራችን በፊት የየቤታችንን ማጀት እንይ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እንግዳ መጋበዝን እንተው ማለቴ አይደለም፤ ያ ሌላ ጥፋት ነው። በቁጥራችን ልክ እናዝዝ፤ ካነሰ መጨመር ይቻላል። ከተረፈም «ይጠቅለልልን» ለማለት ምላሳችን አይያዝ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የደረሳው ድርሻ ነው። ያ ድርሻ የሰው እጅ ሳይገባበት ተነሥቶ ይቀመጥ ነበር አላልኩምን? ለሌላው የሚሰጠው ከጠገብን በኋላ የተንቧቸውን ሳይሆን ገና ሳንነካው የለየነውን ቢሆን ተቀባዩም አይዋረድም፣ እኛም ትራፊ ለጋሾች አንሆንም። በየሆቴሉ ሠርግ የሚደግሱ ወገኖቻችን ገበታው ሳይከፈት የተወሰነውን ለይተው ለአንድ መድረሳ ወይም ለአንድ የችግረኞች ሰፈር ቢልኩ ምን ይጎድልባቸዋል?

ይህን የምጽፈው አሸንፌ አይደለም። ከቻይና ከተመለስኩ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ነጋዴዎች ጋብዘውኝ ግማሽ ትሪ ሥጋ ተርፎ አይቻለሁ። «ይጠቅለል» ልል አፌን ከፍቼ ዙሪያዬን ቃኘሁና እንደገና ዘጋሁት። ያን ጊዜ የሽማግሌው ጣት ጠረጴዛው ላይ ሰሊጥ ሲለቅም ታየኝ። አስተናጋጁን መልሼ ጠራሁት፤ ድምፄ ግን ከሚገባው በታች ዝቅ ያለ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ሁሉም እስኪሰማ እንድጠራው አላህ ይርዳኝ፤ እናንተንም ይርዳችሁ።

ወላሁ አዕለም።