«ቆንጆ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

«ቆንጆ» የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንናገራለን? በሸዋ በር ገበያ ጨርቁም ቆንጆ ነው፣ ማንጎውም ቆንጆ ነው። ለዕቃ ሲነገር ጉዳት የለውም። ለሰው ሲነገር ግን ቃሉ ሚዛን ይሆናል። ለጋብቻ የታሰበች ልጅ «ጥሩ ናት፤ ግን ቆንጆ አይደለችም» ከተባለች በኋላ፣ ስለ ጠባይዋም ሆነ ስለ ዕውቀቷ የሚጠይቅ አይገኝም።

ለመሆኑ ውበት የዓይን ጉዳይ ብቻ ነውን? ቋንቋችን አይደለም ይለናል። «ሀብታም» ሀብት ያለው ማለት እንደሆነ ሁሉ፣ «መልካም»ም ከ«መልክ» የወጣ ቃል ነው። ዛሬ ግን መልካም ሥራ፣ መልካም ጎረቤት እንላለን። ቃሉ ከፊት ተነስቶ ወደ ምግባር ተሻግሯል።

የዐረብኛው «ጀሚል»ም ለመልክም ለምግባርም የሚነገር ቃል ነው። በቁርኣን ውስጥ ግን ይህ ቅጽል 7 ጊዜ ሲጠቀስ አንድ ጊዜም ለመልክ አልዋለም። የነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ) ትዕግሥት፣ ወቀሳ የሌለበት ይቅርታ፣ ጉዳት የሌለበት መራቅ፣ ሚስትን ሲፈቱ እንኳ ሳይበድሉ ማሰናበት፤ ጀሚል የተባሉት እንዲህ ያሉት ናቸው።

ይህ ማለት ግን ዓይን የሚያየው ውበት ይናቃል ማለት አይደለም። «ጀማል» የሚለው ስም በሱረቱ ነሕል ከብቶች ማታ ሲገቡና ጠዋት ሲሰማሩ ለሚታይባቸው ውበት ተነግሯል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ልብሱና ጫማው እንዲያምር ስለሚወድ ሰው በተጠየቁ ጊዜ፣ ይህ ኩራት እንዳልሆነ፣ ኩራት ማለት እውነትን መግፋትና ሰውን መናቅ እንደሆነ አስተምረዋል። ሴት ለጋብቻ ከምትፈለግባቸው 4 ነገሮች መካከልም ውበትን ቆጥረዋል፤ ምረጡ ያሉት ግን ሃይማኖት ያላትን ነው።

የጀጎልን ቤት ለሚያውቅ ይህ አይከብደውም። ከመንገድ ሲታይ ድፍን ግንብ ነው። ገብቶ ነደባው ላይ የተቀመጠ ግን በግድግዳው የተደረደሩትን ስፌቶችና ሳህኖች ያያል። ግንቡን ብቻ አይቶ የተመለሰ ቤቱን አላየም።

እንግዲህ ቃሉን አንተወው፤ እናስፋው እንጂ። ልጆቻችን ሲታገሡ፣ ይቅር ሲሉ፣ ለደካማ ሲያዝኑ «ይህ ቆንጆ ነው» እንበላቸው። ይህን ሲሰሙ ያደጉ ልጆች ለትዳር ሲደርሱ፣ ከፊት አልፈው የሚመለከት ዓይን ይኖራቸዋል።