አደራ የጠበቀ ውኃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማን ከለምጹ ይነጻ ዘንድ ነቢዩ ኤልሳዕ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ ቢልክበት ተቆጥቶ እንደ ነበር በ2ኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 5 እናነባለን። የአገሩ ወንዞች አባናና ፋርፋ በዓይኑ ይበልጡበት ነበርና ዮርዳኖስን ናቀው።

ግሽ ዓባይን ለመሳለም በሄድን ጊዜ ይህ ታሪክ ትዝ አለን። በጎጃም ሰከላ የሚፈልቀው ምንጭ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ወረድ ብሎም ሕፃን የሚዘለው ጅረት ይሆናል። ግልገል ዓባይ ይሉታል። በመስኩ መካከል እየተጠማዘዘ ወደ ሰሜን ወርዶ ግን ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ሁሉ ትልቁ እርሱ ነው። እስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ከዚህ ምንጭ በደረሰ ጊዜ፣ ከደስታው በኋላ ልቡ አዝኖ፣ የአገሩ ወንዞች በውበት ከዓባይ እንደማያንሱ ማሰቡን ራሱ ጽፏል። (ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. ቀድሞት ነበር፤ ብሩስ ግን ይህን ማመን አልወደደም።) እነሆ ሁለተኛ ንዕማን!

ነገር ግን በብሩስ ለመሳቅ አንቸኩል። አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዚህ ውኃ አደራ ሰጥተው፣ ሳይርሱ መልሰው እንደ ተቀበሉ አባቶች ይነግሩናል። እኛም ይህን እያሰብን ጫማችንን አውልቀን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ከጸበሉ ዘንድ ቆምን፤ በየጠርሙሳችንም ቀዳን። ከዚያስ? ጥቂት ወረድ ብለን በዚያው ውኃ ካልሲና ሸሚዛችንን በሳሙና አጠብን፤ የብስኩቱንም ላስቲክ ከዳሩ ጣልን። ከላይ የተሳለምነውን ከታች ረገጥነው። ንዕማን ዮርዳኖስን የናቀው ሳያውቀው ነው፤ እኛ ግን ጸበሉን በጠርሙስ ይዘን ነበር።

ጀሪካን ያዘለች፣ ዕድሜዋ ከ10 ዓመት የማይበልጥ የአገሩ ልጅ ቆማ ታየን ኖሯል። «ጋሼ፣ እኛ እኮ የምንጠጣው ይህንኑ ነው» አለች። ቃሏ ቍጣ አልነበረበትም። ለንዕማንም የመዳንን መንገድ መጀመሪያ ያመለከተችው አንዲት ምርኮኛ ብላቴና እንደ ነበረች፣ በትምህርታችን የምንመካ ሁላችን እናስታውስ። አንዳችንም የምንመልሰው አላገኘንም።

ሳሙናውን ወደ ከረጢት መለስን፤ ላስቲኩንም ለቀምን። ልጅቱ ግን አረፋው ወርዶ እስኪያልቅ ድረስ ጀሪካኗን መሬት አስቀምጣ ጠበቀች።