ሁለት ቤት ያደረው እንግዳ

በሲራራ መንገድ ዳር አንድ መንደር ነበረ። አሞሌ የጫነ ነጋዴ ሁልጊዜ ስለሚያልፍበት የመንደሩ ሰው እንግዳ ማሳደር ያውቅበታል። «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ የቆመ ሰው ተመልሶ አያውቅም።

አንድ ቀን ማታ ነጋዴው ካለፈ በኋላ አንድ ሽማግሌ እግሩን እየጎተተ ደረሰ። አህያ የለው፣ ስንቅ የለው። የለበሰው ካባ የየት አገር እንደሆነ ያወቀ ሰው አልተገኘም፤ ጠርዙ ዙሪያውን ሽብልቅ በሚመስል ጥልፍ ተጠልፏል።

መጀመሪያ የቆመው አንድ ባለርስት ደጅ ነበር። ባለርስቱ ደግ ሰው ነው፣ ልጆቹንም ይወዳል። ልጆቹ በእንግዳው እንዳይስቁ፣ ወይም ደግሞ ሰልችቷቸው እንዳያዛጉ ሰጋ። ስለዚህ እንግዳውን ገና ከበሩ ላይ ያዘው።

«አባቴ፣ ይህ ካባ ለልጆቼ እንግዳ ይሆንባቸዋልና ጋቢ ልስጥዎ። አነጋገርዎም ይከብዳቸዋል፤ እኔ አቀልልልዎታለሁ። ደግሞ ለጆሮ የሚከብድ ነገር ካለ ይለፉት፤ ልጆች ናቸው።»

እንግዳው እሺ ብሎ ካባውን አወለቀ።

ከራት በኋላ ልጆቹ ተሰበሰቡ። እንግዳው አፉን ሳይከፍት አባትየው ቀደመው። «አሁን የሚያጫውቷችሁ ስለ አንድ ንጉሥ ነው። ጓደኛው ይሞትበታል፣ ከሞት ሊያመልጥ አገር ለአገር ይዞራል፣ አይሳካለትም። ቁም ነገሩ፣ ሰው ሟች መሆኑን አይርሳ ነው። ያዛችሁ?»

«ያዝን» አሉ።

ከዚያ በኋላ እንግዳው ቢናገርም የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ቶናው ሳይቀዳ ትንንሾቹ አንቀላፉ። ጠዋት እናታቸው «ሰውየው እንዴት ነበሩ?» ብትላቸው «ጥሩ ናቸው፤ አጎታችንን ይመስላሉ» አሏት። አባትየው ይህን ሲሰማ ደስ አለው።

እንግዳው እግሩ ስላበጠ በዚያ ቀን ከመንደሩ አልወጣም። ሁለተኛውን ሌሊት ያደረው ከወንዙ ማዶ፣ የልጅ ልጆቿን ከምታሳድግ አንዲት መበለት ቤት ነው። መበለቷ ውኃ አሙቃ እግሩን አጠበችው፣ ያላትን አቀረበችለት። ልጆቹ ካባውን እያዩ ሲንሾካሾኩ «ምን ያንሾካሹካችኋል? ሲበሉ ትጠይቋቸዋላችሁ» አለች። በልቶ እጁን ሲታጠብ፣ «እንግዲህ አባቴ፣ ከየት እንደመጡ ያጫውቱን» አለችው።

እንግዳው ጀመረ። «አንድ ንጉሥ ጓደኛው ሞተበት። አላስቀብርም አለ። ስድስት ቀን ከሰባት ሌሊት ሬሳው አጠገብ ተቀምጦ አለቀሰ። እንዲቀበር የፈቀደው ከሟቹ አፍንጫ ትል ሲወድቅ አይቶ ነው።»

ትንሹ «ትል!» ብሎ ጮኸ። ትልቁ ልጅ ተቆጣ። «ንጉሥ አይደለም እንዴ? የሚመክረው ሽማግሌ አልነበረውም? እኛ ዘንድ ሰው ሞቶ ሳይቀበር አይሰነብትም።»

«ለምን ትቸኩላላችሁ?» አለ እንግዳው።

ልጁ ዝም አለ። «ወጉ ነዋ» አለ ቆይቶ።

«ከቀበራችሁ በኋላስ?»

ልጅቷ ቀበል አድርጋ «ዳስ ይጣላል፣ ጎረቤት እህል ይዞ ይመጣል። ሣልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ» አለች።

«አርባ ለምን ሆነ? ሠላሳ ለምን አልሆነም?»

ልጅቷ ወደ አያቷ ዞረች። «እማማ፣ ለምንድን ነው አርባ?»

መበለቷ ጀበናውን እንደያዘች ቆመች። «ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም» አለችና ከእሳቱ አጠገብ ተቀመጠች። የወንድ አያታቸውን ሞት ልጆቹ ያን ሌሊት ከአፏ ሰሙ። ከቤት አልወጣም ብላ በር መዝጋቷን፣ ጎረቤቶቿ ምጣዷን ወስደው በየቤታቸው እየጋገሩ መመለሳቸውን፣ በአርባው ዕለት ለተዝካሩ ሰው ሲሞላ ሳትወድ በግዷ ተነሥታ ጠላ መቅዳት መጀመሯን ነገረቻቸው። «ለምን አርባ እንደሆነ ቄሱ ያውቃሉ። እኔ የማውቀው ያን ቀን ከተቀመጥኩበት መነሣቴን ነው» አለች።

ትልቁ ልጅ ወደ እንግዳው ተመለሰ። «ንጉሡስ? ከተቀመጠበት ማን አነሣው?»

«ማንም። የአንበሳ ቆዳ ለብሶ በረሃ ለበረሃ ዞረ። ሞት የማይነካው አንድ ሰው አለ ሲባል ሰምቶ ነበርና እሱን ፈልጎ አገኘው። ሰውየውም እስቲ መጀመሪያ እንቅልፍን አሸንፍ፣ ስድስት ቀን ከሰባት ሌሊት ሳትተኛ ቆይ አለው።»

«ቻለ?»

«ቁጭ እንዳለ ሸለብ አደረገው። ሲነቃ አልተኛሁም ብሎ እንዳይክድ የሰውየው ሚስት በየቀኑ አንድ አንድ ዳቦ እየጋገረች ራስጌው አኖረች። ንጉሡ ብንን ብሎ ገና ዓይኔን መክደኔ ነው ሲል ዳቦዎቹን ቁጠር አሉት። የመጀመሪያው ደርቋል፣ ሌላው ሻግቷል፣ ሰባተኛው ገና ፍም ላይ ነው።»

ልጆቹ ሳቁ። ያን ሌሊት ማን ሳይተኛ እንደሚያነጋ ተወራረዱ፤ ሁሉም ተሸነፉ። ጠዋት ግን ትልቁ ልጅ «ንጉሡ ሞኝ ነው» ሲል ልጅቷ ተሟገተችው። «ሞኝ አይደለም። አርባ የሚያወጣለት ጎረቤት ስላልነበረው ነው» አለችው።

እንግዳው ካባውን ለብሶ ሲሄድ ወንዙ ዳር ከባለርስቱ ጋር ተገናኘ። ባለርስቱ በደስታ «አባቴ፣ ልጆቼ እንዴት እንደወደዱዎ! አጎታችንን ይመስላሉ አሉ እኮ» አለው።

«አጎታቸው እዚሁ አለላቸው። እኔ ታዲያ ለምን ይህን ሁሉ መንገድ መጣሁ?» አለ እንግዳው።

እንግዳው የንጉሥ ጊልጋሜሽ ታሪክ ነው፤ ካባው ላይ ያለው ጥልፍም ታሪኩ በሸክላ ጽላት ላይ የተቀረጸበት የሽብልቅ ጽሕፈት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ነነዌ ስትወድቅ፣ ታሪኩን የያዙት የንጉሥ አሹርባኒፓል ጽላቶች ፍርስራሽ ውስጥ ተቀብረው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1872 ጆርጅ ስሚዝ የሚባል፣ ሙያው የገንዘብ ኖት ቅርጽ መቅረጽ የነበረ ሰው፣ በብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11ኛውን ጽላት አነበበ። ከኖኅ ዘመኑ ጋር የሚመሳሰለው የጥፋት ውኃ ታሪክም፣ የሰባቱ ዳቦዎች ታሪክም ያሉት እዚያው ጽላት ላይ ነው።

ይህን ያህል ዘመን ተጉዞ የመጣን ታሪክ ለአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ የሚያስተምር መምህር ብዙ ጊዜ የባለርስቱ ስጋት ይይዘዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ማስታወሻ ያጽፋል፤ የአማልክቱን ስም ዝርዝር፣ ጭብጡን፣ ምክሩን። ሌላው ደግሞ «ጊልጋሜሽ እንደ እናንተው ነው፣ ጓደኛውን የሚወድ ወጣት» ይላል። ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን ጋቢ ማልበስ ነው። ተማሪው ከራሱ ጋር ተገናኝቶ ይመለሳል፤ ራሱን ደግሞ ለመገናኘት ነነዌ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም።

ጋቢው አንዳንዴ ያምራል። የሆሜር ግጥም ኦዲሲ ሲጀምር የባሕሩ አምላክ ፖሰይዶን ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግብዣ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላለ ክፍል ይህ ትልቅ ደስታ ነው፣ ይሁንም። ነገር ግን ሆሜር በዚያ ስም የሚጠራቸው በዓለም ዳርቻ የሚኖሩ ሩቅ ሕዝቦችን ነው። «ስማችን ተጠርቷል» ብለን እዚያው ከቆምን ከቤታችን ሳንወጣ ቀርተናል። እዚያው ኦዲሲ 22ኛው መጽሐፍ ላይ ደግሞ ባለታሪኩ ኦዲስየስ ቤቱን ካስመለሰ በኋላ ልጁ ቴሌማኮስ 12 ገረዶችን ይሰቅላል። ቴሌማኮስ ከተማሪዎቻችን ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው። «ልጆች ናቸው» ብሎ ይህን የሚዘል መምህር፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ተነሥተው የሚከራከሩበትን ገጽ ዘለለ ማለት ነው።

መበለቷም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ውኃ ያሞቀችው፣ ዝምታውን የጠበቀችው እሷ ናት። የመምህሩ ውኃ ካርታው ነው፤ የንጉሡ ከተማ ኡሩክ የት ነበረች፣ የሞተበት ጓደኛው ኤንኪዱ ማነው፣ ጽላት እንዴት ይጻፋል የሚለው ነው። ይህ ሳይሰጥ ጽሑፉን ብቻ መወርወር እንግዳን ከነአቧራው ማዕድ ላይ ማስቀመጥ ነው። ኦዲሲ ራሱ ሥርዓቱን ያውቀዋል፤ ንጉሥ አልኪኖስ ኦዲስየስን አብልቶ፣ ዘፈን አሰምቶ፣ ጨዋታ አሳይቶ፣ በመጨረሻ ነው ስሙን የሚጠይቀው።

በአክሱም ትውፊት የሚነገረው፣ ሕዝብ ይገብርለት የነበረው ዘንዶው ንጉሥ አርዌ፣ ሙሉው ቅጂ በግእዝ ብቻ የተረፈው መጽሐፈ ሄኖክ፣ እነሱም ለዛሬ ተማሪ እንግዶች ናቸው። የኛ ስለሆኑ ይገቡታል ብሎ መተማመን ሌላው ጋቢ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መምህሩ ካርታውን ይዘርጋ፣ ሁለት ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ማስታወሻውን መሳቢያ ውስጥ ይተው። የመጀመሪያው እጅ ሲወጣ ጥያቄው ስለ ትሉ ከሆነ አይናደድ። የልጅቷም ጥያቄ የተወለደው ከዚያው ከትሉ ነው።