በሰው አገር ማዕድ ፊት

ሰው ከአገሩ ወጥቶ ወደ ሌላ ከተማ በሄደ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናቱን፣ ሐውልቶቹንና አደባባዮቹን ለማየት ይቸኩላል። የከተማውን ምግብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሆድ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያልፈዋል፤ ከፍሎ ይበላል፣ ከጣፈጠው ያመሰግናል፣ ካልጣፈጠው ያማርራል። ለመሆኑ ዋጋውን የከፈለ ሰው ለማዕዱ ባለቤቶች ሌላ ዕዳ ይኖርበታልን? እኛ ይኖርበታል እንላለን፤ ዕዳውም የእንግዳ ዕዳ ነው።

ይህን ለማስረዳት ብዙ መንፈሳዊ ተጓዦች የሚሄዱባትን የሮምን ከተማ እንመልከት። ኢትዮጵያዊ ሮም ሲደርስ የአገሩን ምግብ አስቀድሞ የሚያውቀው ይመስለዋል፤ ፓስታና ማኪያቶ በከተሞቻችን ከተለመዱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋልና። ይሁን እንጂ ቴስታቾ ወደሚባለው ሰፈር ቢዘልቅ ሌላ ማዕድ ያገኛል። በዚያ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሠራና እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ያገለገለ ትልቅ ቄራ ነበር። የቄራው ሠራተኞች ከደመወዛቸው ከፊሉን የሚቀበሉት ባለጠጎች የማይፈልጉትን ጨጓራ፣ አንጀትና ጭራ በመውሰድ እንደ ነበረ ይነገራል። ሮማውያን ይህን «አምስተኛው ሩብ» ይሉታል፤ የከብቱ አራት ሩቦች ለሌላው ከተከፋፈሉ በኋላ ለድሃው የሚተርፈው ማለት ነው። የሰፈሩ ሰዎች ከዚህ ትራፊ ዛሬ በከተማው የተከበሩ ምግቦችን ሠሩ። ከቲማቲምና ከሴለሪ ጋር ለብዙ ሰዓት የሚበስለው የበሬ ጭራ አንዱ ነው፤ በቲማቲም ተሠርቶ የበግ አይብ የሚነሰነስበት ጨጓራም ሌላው ነው። በአሮጌው ልማድ ዓርብ የዓሣ፣ ቅዳሜ ደግሞ የጨጓራ ቀን ነው።

ከወገኖቻችን አንዳንዱ ይህን ሳህን ባየ ጊዜ ፊቱን ያዞራል። ዳሩ ግን በበዓል ቀን በደስታ የምንበላው ዱለት ከምን እንደሚሠራ የማያውቅ ማን ነው? እንግዲህ ያስጸየፈን ጨጓራው ሳይሆን የባዕድ እጅ ያበሰለው መሆኑ ነው። ባዕድ እንግዳ ክትፎአችንን «ጥሬ ነው» ብሎ ሲገፋ የሚሰማንን ቅሬታ ብናስታውስ፣ የእኛም ፊት ማዞር ሌላውን እንዴት እንደሚነካ በተረዳን ነበር።

ከቴስታቾ ብዙም ሳይርቅ በቲቤር ወንዝ ዳር የአይሁድ ሰፈር ይገኛል። በ1555 እ.ኤ.አ. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 4ኛ የሮም አይሁድ በአጥር ተከልለው እንዲኖሩ አዘዙ፤ ግዴታውም አልፎ አልፎ ቢቋረጥም እስከ 1870 ቆየ። ሕዝቡ ወንዙ ሲሞላ በሚጥለቀለቅ ጠባብ ስፍራ ተጨናንቆ፣ ከጥቂት ሥራዎች በቀር ተከልክሎ ኖረ። ዛሬ በዚያ ሰፈር ምግብ ቤቶች በዘይት ተጠብሶ እንደ አበባ ተከፍቶ የሚቀርበው የአይሁድ አርቲቾክ በጎብኚዎች ዘንድ እጅግ የተወደደ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1986 በዚያው ያለውን ምኩራብ በጎበኙ ጊዜ ለዘመናት የተዘጋ መንገድ ተከፈተ። ስለዚህ በዚያ ሰፈር በማዕድ የሚቀመጥ ካቶሊካዊ ጣዕሙን ወስዶ ታሪኩን ቢተው ሚዛናዊ አይሆንም። ለሳህኑ የሚከፈለው ገንዘብ የአብሳዩን ድካም ይከፍል ይሆናል፤ ምግቡን ያስገኘውን የብዙ ትውልድ ችግርና ብልሃት ግን ማንም በገንዘብ አይከፍለውም። ያ ዕዳ የሚከፈለው በአክብሮት፣ በመጠየቅና በማድመጥ ነው።

ምናልባት «ጣዕም እያሳደዱ በከተማ መዞር ሆዳምነት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በተለይም ትናንት የድሃ የነበረው ምግብ ዛሬ ድሃው በማይደርስበት ዋጋ ሲሸጥ ስናይ። ልዩነቱን የምንለየው ከማዕድ ከተነሣን በኋላ ነው። ሆዳም የሚያስታውሰው ምላሱን ነው፤ እንግዳ ግን ያበሰለውን፣ ያቀረበውንና ከእነርሱ የተማረውን ያስታውሳል።

ይህን ስንል ግን የቀረበውን ሁሉ መብላት ግዴታ ነው ማለታችን አይደለም። ጾም፣ ሕመም ወይም ሕሊና የሚከለክለው ሰው በትሕትና «ይቅርብኝ» ቢል ማንንም አይበድልም፤ አለመቅመስና ማጥላላት እጅግ የተለያዩ ናቸውና። እንዲሁም በባዕድ አገር ብዙ ዓመት የኖረ ስደተኛ በቴርሚኒ የባቡር ጣቢያ አካባቢ ወዳሉት የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ገብቶ እንጀራ ቢቆርስ፣ የሚፈልገው ቤቱን ነውና አይነቀፍም። ለአንድ ሳምንት ሄዶ ከእንጀራ በቀር ሌላ ምግብ ሳይቀምስ የተመለሰ ተጓዥ ግን ከተማዋን ከደጃፏ እንዳየ ይቆጠራል።

አባቶቻችን «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ። በእንግድነት ዘመናችንም የአገሩን ምግብ በአገሩ ሰው ምክርና ሥርዓት መብላት ብልህነት ነው። ስለሆነም የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ለጉዞ የሚነሡ ወጣቶችን ስታዘጋጁ ከሚጎበኙት አብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር ጋር ይህንንም ጨምሩላቸው፦ ሳይቀምሱ እንዳይፈርዱ፣ ምግቡን ማን እንደ ሠራውና ከምን እንደ መጣ እንዲጠይቁ፣ ከመነሣታቸውም በፊት በአገሩ ቋንቋ «ግራሲዬ» ብለው አስተናጋጁን እንዲያመሰግኑ። በቤቱ እንግዳን ማክበር የለመደ ሕዝብ፣ በሰው ቤትም የሚከበር እንግዳ መሆንን ሊማር ይገባዋል።