እስከ ሰባተኛው ጊዜ



ሶርያዊው ንዕማን በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ ነቢዩ ኤልሳዕ ባዘዘው ጊዜ፣ ትእዛዙን አቅልሎ ተቈጣ (2ኛ ነገ. 5)። የዳነው ግን ቍጥሩን ሲፈጽም ነው። በስድስተኛው ቢመለስ ኖሮ ለምጹን ይዞ አገሩ በገባ ነበር።

በሀገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚያሠቃየው የልብ ሕመም መነሻው በልጅነት በሚገባ ያልታከመ ቶንሲል ነው። ቶንሲሉ የሩማቲክ ትኩሳትን፣ ትኩሳቱም የልብ ቫልቭ መጐዳትን ያስከትላል። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚታዘዘው የፔኒሲሊን መርፌ ትኩሳቱ እንዳያገረሽ ይከላከላል፤ የተጐዳውን ቫልቭ ግን አያድስም። ስለዚህ ለዓመታት ሳይቋረጥ ይወሰዳል። በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በተከፈተው የልብ ማዕከል ቀዶ ሕክምና ላገኙትም ክትትሉ አያበቃም።

ዳሩ ግን ሕመሙ ጋብ ሲል ቀጠሮው ይረሳል። በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል በአዲጋላ ለሚኖር ሕመምተኛ የሆስፒታሉ መንገድ ሩቅ፣ ሙቀቱ ብርቱ፣ የመሳፈሪያውም ገንዘብ ከባድ ነው። «ጸሎት ይበቃኛል» የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ መጽሐፈ ሲራክ ያስተምረናል (ምዕ. 38)፤ ቀጠሮን ማክበር የእምነት ጉድለት አይደለም።

እኛስ ምን እናድርግ? ሽባውን ተሸክመው ጣራ የነደሉት አራቱ ሰዎች አርአያችን ይሁኑ (ማር. 2)። ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም ሳንለይ፣ የሕመምተኛ ጎረቤታችንን የቀጠሮ ቀን እናስታውሰው፤ በመሳፈሪያ እንደግፈው፤ ከደከመም አብረነው እንሂድ።

የሕሙማን ፈውስ የሆነች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በምልጃዋ እስከ ሰባተኛው ጊዜ ታጽናን። አሜን።